ጠያቂ ሞልቶናል፣ ተረኛ ግን የለም፤ ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ውስጥ የምታስታምሙ እስኪ ኑ

የአዘዞዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነው ያለሁት። አባቴን ስትሮክ ከመታው ከዓመት በላይ ሆኖታል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙም። ንግግሩም ሄዷል። «እሺ» እና «እንዴ» ብቻ ቀርተውለታል። ሲርበውም «እሺ» ነው፣ ሲናደድም «እሺ» ነው። ከድምፁ ነው የምለየው።

ስለ በሽታው ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት። እሱን ሐኪሞቹ ነግረውኛል። የመጣሁት ስለ አስታማሚዋ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሳለሁ። የጎንደርን ውኃ ታውቁታላችሁ፤ በመጣባት ሌሊት ካልቀዳሁ አንሶላ የማጥብበት የለኝም። ጀሪካኑን ሞልቼ አባዬን አገላብጠዋለሁ። አጥበዋለሁ፣ ቫዝሊን እቀባዋለሁ፣ ዳይፐሩን እቀይርለታለሁ። አባዬ ትልቅ ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር። እኔ ቀጭን ነኝ። ወገቤ ተቆርጧል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ የምትችለው አጥሚት ማማሰልና ውዳሴ ማርያም መድገም ነው። ሥራዬን ለቅቄያለሁ። የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። የዓመት ፈቃዴ አለቀ፣ ያለ ደመወዝ ጥቂት ቀን ሰጡኝ፣ ከዚያ በኋላ ምርጫው ግልጽ ሆነ።

ሁለት ወንድሞች አሉኝ። አንዱ ውጭ ነው፤ ብር ይልካል፣ እግዜር ይስጠው። አንዱ አዲስ አበባ ነው። ማታ ማታ ይደውልና «ፊዚዮ ሠራችሁለት? ጨው ቀነሳችሁ?» ይለኛል። «ሠራችሁ» የሚለው ማንን እንደሆነ አላውቅም። ያለሁት እኔ ነኝ።

ጠያቂማ ሞልቶናል። ጎንደሬ በመጠየቅ አይታማም። የዕድሩ፣ የማኅበሩ፣ የሰፈሩ፣ ከጠዳ ከቆላ ድባ የሚመጣው ዘመድ። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ቡና አፈላለሁ። አንዷ «ምች ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «የለም፣ ጥላ ወግቶት ነው» ትላለች። «ይማርልሽ» ብለው ይወጣሉ። እኔ ስኒ አጥባለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል «አንቺ ሂጂና ሁለት ሰዓት ተኚ፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ» ያለኝ አንድም የለም።

እና ጥያቄዬ፦ ተራ ተከፋፍላችሁ የምታስታምሙ አላችሁ? እንዴት አደረጋችሁት? ሰው «ጨካኝ ልጅ» ሳይል እረፍት እንዴት ይጠየቃል?

የቀበሌ18_ልጅ

እህቴ አይዞሽ። ወላጅን መጦር ጽድቅ ነው። የአባትሽ ምርቃት ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል። እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ።

የአዘዞዋ

አሜን፣ ተባረክ። ምርቃት እወዳለሁ። አንሶላ ግን አያጥብም።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ እኔ ባለቤቴን ነው የማስታምመው። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እዚህ ስለማንተያይ ነው የምጽፈው። ሌሊት ተጠርቼ ስነሳ «ምነው ያን ቀን በሄደች ኖሮ፣ እሷም ባረፈች እኔም ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቃል። አርባ ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማልወዳት እንዳይመስልሽ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ይህን ያላሰበ አስታማሚ አላጋጠመኝም» ነው ያሉኝ። አንቺም መጥቶብሽ ከሆነ ድካም ነው የሚናገረው፤ ራስሽን እንደ ክፉ ሰው አትቁጠሪ።

ሁለተኛው ነገር ያናድደኛል። እኔ ሚስቴን ሳጥብ፣ ፀጉሯን ስሠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል» ይላል። ሠርግ ቤት ሳይቀር እየተነሳሁ እመሰገናለሁ። ግማሽ ቀን የሚያግዙኝም አሉ፤ «ወንድ ልጅ ምኑን ይችለዋል» እያሉ ወጥ ሠርተው ይልኩልኛል። አንቺ ከእኔ እጥፍ እየሠራሽ ማንም አላየሽም። ሴት ልጅ ስለሆንሽ የተፈጠርሽበት ሥራ አስመስለውታል። ወንድሞችሽም እንደዚያው ነው የሚያስቡት፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ዓይናቸው ስላላየው ነው።

ስለዚህ አትለምኚ፤ መድቢ። «አግዙኝ» ካልሽ «እሺ እንጸልያለን» ይሉሻል። «ቅዳሜ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያንተ ነው» ስትያቸው ግን ሰው መልስ ለመስጠት ይገደዳል። እኔ የልጆቼን ተራ ወረቀት ላይ ጽፌ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አስተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል።

ዋርድ_ነርስ

የአዘዞዋ፣ መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅሽ። ደም ግፊትሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ? አባትሽ ስትሮክ ያገኛቸው በደም ብዛት ከሆነ ነገሩ በቤተሰብ ይሄዳል። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለሽም። ዋርድ ውስጥ በሽተኛውን ስንለካ አስታማሚዋን «ነይ እስኪ አንቺም» ብለን ከበሽተኛው በልጣ የምናገኝበት ጊዜ አለ። የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ትለካለች፤ ለሁለታችሁም ጥሪያት።

ስለ ወገብሽ። አባትሽን በጉልበትሽ ብቻ አታንሺያቸው። አንድ አንሶላ አራት ላይ አጥፈሽ ከትከሻቸው እስከ መቀመጫቸው ከሥራቸው አንጥፊ። ማዞር ስትፈልጊ ሰውየውን ሳይሆን አንሶላውን ሳቢ። ጎንበስ ብለሽ ሳይሆን አንድ ጉልበትሽን አልጋው ላይ አስደግፈሽ። በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር አለባቸው፤ ሌሊት ይከብዳል፣ ተራ የሚያስፈልግሽ ለዚህም ነው። የአልጋ ቁስል መጀመሪያ የሚወጣው ጭራ አጥንት ላይ፣ ተረከዝና ዳሌ ላይ ነው። መጻሕፍቱ «ይቀላል» ይላሉ። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ይላል፣ በእጅ ሲነካ ሞቅ ወይም ጠጠር ይላል። ያንን ቦታ አታሹት፤ ማሸት ያባብሰዋል። ክብደቱን ብቻ ከዚያ ላይ አንሱለት።

የማይሰማው ቀኝ እጅ ደግሞ ለመነሻ አይያዝም። ብዙ ቤተሰብ «ተነስ» ብሎ በዚያ እጅ ይጎትታል። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚያስጮህ ሕመም ነው። ፊዚዮቴራፒ ካቆማችሁ ደግሞ ቀጥሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥን ነው፤ በዚህ ከብዙ ከተማ ተሽለናል። በየቀኑ ይዛችኋቸው ውረዱ አልልም። አንድ ጊዜ ሄደሽ «ቤት የምሠራውን አሳዩኝ» በያቸው፣ በስልክሽ ቅረጪው፣ ለወንድምሽም ላኪለት። ቀጥሎ ሲመጣ እሱ ይሥራ።

የአዘዞዋ

እናመሰግናለን። የአንሶላውን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ እስኪ። አባዬ «ውኃ» ማለት አይችልም። ግን እናቴ ማታ ስትጸልይ «አቡነ ዘበሰማያት»ን አብሯት ጀምሮ እስከ «አሜን» ይወጣዋል። ቃሉ አይጎድልም። ጎረቤቶቻችን የሰሙ ቀን ግማሹ «ተአምር ነው» አለ፣ ግማሹ «ታዲያ መናገር ይችላል ማለት ነው፤ አውቆ ነው» አለ። አጎቴ ጭራሽ ተቆጣው።

ዋርድ_ነርስ

አውቀው አይደለም። አጎትሽ ይህን ያንብብልኝ። አስበን የምንናገረው ንግግር በአብዛኛው የሚሠራው በግራ አንጎል ነው፤ ቀኝ ጎን ሲሽመደመድ ንግግር አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ነገር ግን፣ ጸሎት፣ ቁጥር፣ የሣምንቱ ቀናት፣ መዝሙር፣ በሌላ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሲዘምር ቆይቶ «ቡና ስጡኝ» ማለት የሚያቅተው ሰው ብዙ አይተናል። መስማትና መረዳት ደግሞ ከመናገር የተሻለ ሊሆን ስለሚችል አጠገባቸው ሆናችሁ ስለ እሳቸው አታውሩ። ጥያቄውን «አዎ» ወይም «አይ» በሚያስብል አድርጊው። ውኃውንም ሻዩንም አሳይተሽ ይጠቁሙ።

ማራኪ_ላይ

እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ጸበል የሚል ሰው ማጣቴ ገረመኝ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ተቀምጣችሁ ስለ አንሶላ ታወራላችሁ። የእኛ ጎረቤት ክኒኑን ሁሉ ጥሎ ጸበል ገብቶ በእግሩ ነው የሄደው።

የደብሩ_ዲያቆን

ወንድሜ፣ ጸበል የሚከለክል የለም። ክኒን ጣሉ የሚለውን ግን ከየት አመጣኸው? እኔ በማገለግልበት ጸበል ቦታ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ «መድኃኒትህን ይዘሃል?» ብለን እንጠይቃለን። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ጾምም እንደዚሁ ነው። የታመመ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ብሎ የጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆድ ወይም ጭራሽ ሳይውጥ ይውላል። ለሕመምተኛ ጾም አይገደድም። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ይፈታላችኋል። አስታማሚም ብትሆኑ ሌሊት ሙሉ ስትገላበጡ አድራችሁ በጾም አትውደቁ።

ዋርድ_ነርስ

እግዜር ይስጥልኝ ዲያቆን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይህ በጣም ያስፈራኛል። ስትሮክ መዋጥንም ያዛባል። ተጋድሞ በላይ በላዩ ጸበል የሚጠጣ ሰው ውኃው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ውኃ ከሁሉ ይከብዳል፤ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጋድሙ ማቆየት። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ ያዘለ ከመሰለ፣ ካሳለው፣ አቁሙ። በደከመው ጉንጭ ውስጥ የቀረ ምግብም በጣት ይፈተሽ።

«ምች ነው» የምትሉም ስሙኝ። ፊቱ በአንድ ጎን የተጣመመ፣ እጁ የወደቀ፣ ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ዳማከሴ እየታሸለት መዋል የለበትም። ስትሮኩ ከደም መርጋት የመጣ ከሆነ የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከጀመረው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በአንጎል ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። መድኃኒቱ በየቦታው አይገኝም። ቢሆንም ቶሎ የደረሰ ሰው የሚተርፍለት ብዙ ነው። አንዴ የመታው ሰው ደግሞ ለሁለተኛ የመጋለጡ ነገር ከሌላው ይበልጣል። ክኒን መጣሉ የት እንደሚያደርስ እናንተው አስቡት።

ስደተኛው

እኔ ውጭ ካሉት ወንድሞች አንዱ ነኝ፤ የዚች ልጅ ወንድም ባልሆንም። እስኪ የእኛንም ስሙ። «ብር ይልካል» ስትሉ ቀላል ታስመስሉታላችሁ። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። እናቴ አራዳ ተኝታ እኔ እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር አድራለሁ። መንገድ ክፍት ነው ሲባል ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ሲገኝ መንገዱ አያስተማምንም። እህቴ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ሁልጊዜ የተቆጣ ነው። ምን ላድርግ? ስለ ጨው የምጠይቀው ሌላ የምጠይቀው ስለሌለኝ ነው።

የእማማ_ምራት

ስደተኛው፣ ድምፅዋ የተቆጣው እንቅልፍ ስላጣች ነው። ስለ ጨው አትጠይቃት። «ዛሬ ስንት ሰዓት ተኛሽ?» በላት። መልሷን ስትሰማ ምን እንደምትልክ ይገባሃል።

የእኔን ደግሞ ላውራው። እኔ የማስታምመው የባሌን እናት ነው። ደህና በነበሩ ጊዜ አንድ ቀን እጄ ላይ የበሰለ ወጥ አመስግነው አያውቁም። አሁን ማንኪያውን ከእኔ እጅ ካልሆነ አይቀበሉም። ልጆቻቸው «አንቺን ለምደዋል» ብለው አርፈው ተቀምጠዋል። «ለምደዋል» የምትለዋ ቃል እስር ቤት ናት። ለጥምቀት እንኳ ነጭ ለብሼ ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ አልወረድኩም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ እኔና እሳቸው ቀረን። አሳዘኑኝም፣ አናደዱኝም። ሁለቱም በአንዴ ይሆናል ወይ ብትሉ ይሆናል።

የአዘዞዋ

ምራቷ፣ እጅሽን ብስም ደስ ይለኝ ነበር።

ስደተኛው፣ የእኔም ወንድም እንዳንተ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ተናግሮት ባያውቅም። እኔ የምልህ ይህን ነው፦ የሚላከው ብር ለመድኃኒትና ለዳይፐር ተብሎ ይመጣል፣ ለዚያው ይውላል። ከዚያ ላይ ቆርጬ ሰው ልቅጠር ብል «አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ለምን ሠራተኛ?» ይባላል። ተብሏልም። ስለዚህ ስትልክ «ይህ የሰው ደመወዝ ነው» ብለህ ለይተህ ላክ። እህትህ አፍ አውጥታ የማትጠይቀው እሱን ነው።

ስደተኛው

እሺ። ይሄ ገብቶኛል። ለይቼ እልካለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቪዲዮ ከእናቴ ጋር አንድ ሰዓት ልቀመጥ ብዬ አሰብኩ፤ እህቴ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ ትውጣ።

ሰው_ኃይል

ስለ ሥራው ጉዳይ ጥቂት ልበል፤ የማውቀው እሱን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የታመመ ወላጅን ለማስታመም ብሎ የለየው ፈቃድ የለም። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር አለ። «ልዩና አሳሳቢ» ለሚባል ሁኔታ ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ እሱም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ውጭ ያለሽ የዓመት ፈቃድ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። አባት ሲሞት ደመወዝሽ ይከፈላል፣ በሕይወት እያለ ስታጥቢው አይከፈልም፤ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ከመልቀቃችሁ በፊት የግማሽ ቀን ሥራ ወይም ቤት የሚሠራ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ሒሳብ ሠራተኛ በተለይ እምቢ ላይባል ይችላል።

ሌላው፣ አባትሽ ጡረታ ካላቸው ውክልናውን ቶሎ ጨርሱ። ውክልና የሚሰጥ ሰው የሚያደርገውን መረዳቱና ፈቃዱን መግለጹ መታወቅ አለበት። መናገር ስላቃተው ብቻ አይችልም ማለት አይደለም። ነገሩ ከባሰና መረዳቱ ከቀረ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ሌላ ምልልስ ነው።

ግራ_እጅ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ። የመታኝ እኔን ነው። አሁን በከዘራ እሄዳለሁ፣ ንግግሬም ተመልሷል፣ ጥቂት ይጎተታል። እዚህ አስታማሚዎች ብቻ ስለተናገሩ ከአልጋው በኩል ያለውን ልናገር።

ሁሉን እሰማ ነበር። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ልጠራት ስሞክር የሚወጣው ጩኸት ነው። ስትመጣ ታዲያ «ምን ፈለግህ» ትለኛለች። የፈለግሁት «ይብቃሽ፣ ተኚ» ማለት ነበር።

ደግሞ በሆነ ባልሆነው አለቅስ ነበር። ጠያቂ ገባ፣ አለቀስኩ። በቴሌቪዥን ኳስ ገባ፣ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «ተስፋ ቆርጧል» አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ያስረዳችን፦ አንጎል ሲጎዳ ልቅሶና ሳቅ ከባለቤቱ ቁጥጥር ውጭ ይሆናሉ። በእርግጥ በኋላ የእውነት ድባቴም ያዘኝ፤ ስትሮክ ካገኛቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዘው ነው የነገሩኝ። ለእሱ መድኃኒት ጀመሩልኝ፣ ረዳኝ። ባለቤቴን ግን ማንም «አንቺስ?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም መታከም ነበረባት ባይ ነኝ።

የአዘዞዋ፣ አባትሽ የሚችለውን ነገር አትሥሪለት። ግራ እጁ ደህና ነው አይደል? ፊቱን ራሱ ይጠብ። ውኃውን ያፈስሰዋል፣ ይፍሰስ። እኔ ወደ ሰውነቴ የተመለስኩት ጢሜን ራሴ የተላጨሁ ቀን ነው። ግማሹን ነው የላጨሁት።

የዕድር_ጸሐፊ

ርዕሱ ስለነካኝ ነው የገባሁት። የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። እኛ ዘንድ አባል ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ተረኛ ይመደባል። ተረኛ የቀረ ይቀጣል። እንጨት የሚፈልጠው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚያቀርበው፣ ሁሉም በስም ይጠራል። ሰው ሳይሞት ግን መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ያለው «መጠየቅ» ብቻ ነው። መጠየቁም ብርቱካን ነው።

እኔ በግሌ ይህ በስብሰባ መነሳት አለበት እላለሁ። ተረኛ መመደብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሞት ቤት የሚሠራውን ዝርዝር ወስዶ ለታማሚ ቤት ማዋል ነው።

የቀበሌ18_ልጅ

ደንብ ሲነካ ግን አባላቱ ያኮርፋሉ። ለቅሶ ሦስት ቀን ነው። ስትሮክ ዓመታት ነው። ማን ይጨርሰዋል?

ጡረተኛው_መምህር

ማንም አይጨርሰውም። ጥያቄው እሱ አይደለም። ስልሳ አባወራ ያለው ዕድር በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ቢመድብ ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ አይደርሰውም? ሒሳቡን አብረን እንሥራው ብትል ጥቁር ሰሌዳ አወጣለሁ።

የዕድር_ጸሐፊ

ለመጪው ወርኃዊ ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። የሚሆነውን እነግራችኋለሁ።

የአዘዞዋ

ከጠፋሁ ሳምንታት ሆኑ። የሆነውን ላውራችሁ።

የአዲስ አበባው ወንድሜ መጣ። በጋሼ መምህሩ ምክር «ይህ ሳምንት ያንተ ነው» ብዬ ቁርጥ ያለ ነገር ነገርሁት። በመጀመሪያዋ ሌሊት አባዬ ደጋግሞ ቀሰቀሰው። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ «በየቀኑ እንዲህ ነው?» አለኝ። ሌላ ነገር አላልሁትም። ተመልሶ ሄዷል፣ አሁንም ይደውላል፣ ስለ ጨው ግን አልጠየቀኝም። እኔ ያን ሳምንት ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ምንም ሳልገዛ ተንከራትቼ መጣሁ። አሪፍ ነበር።

የውጩ ወንድሜ የሰው ደመወዝ ለይቶ ልኮ ጠዋት ጠዋት የምታግዘኝ ሴት ቀጥረን ነበር። አባዬ ግን በእሷ እጅ መታጠብ አልፈለገም። በደህናው እጁ ገፋት፣ «እንዴ! እንዴ!» አለ። ተቆጥቶ ሳይሆን አፍሮ ነው። እሷ አሁን ልብሱንና ውኃውን ይዛልኛለች። ገላውን እኔው ነኝ።

ደም ግፊቴንም ተለካሁ። ከፍ ብሏል። ክትትል ጀምሬያለሁ።

ጡረተኛው_መምህር

ወንድ ፈልጉ። አባትሽ በማያውቃት ሴት ፊት መራቆት ከብዷቸው ነው። የሰፈር ጎረምሳ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይጠፋም። ነርሷ አንድ ቀን ታሳየው፣ አንቺ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አብረሽው ሁኚ። ስሙን ጠርተሽ አስተዋውቂያቸው እንጂ ዝም ብሎ አይግባባቸው።

የዕድር_ጸሐፊ

የእኛን ልንገራችሁ። ስብሰባው ላይ ተከራከርን፣ አልተወሰነም። «በደንብ ካስገባነው ሁሉም ሰው የታመመ ዘመዱን ያመጣብናል» የሚል ወገን በረታ። በሚቀጥለው ይታያል ተብሏል። ከስብሰባው ሲወጡ ግን ሦስት እናቶች ያለ ምንም ደንብ የአንዲት አባላችንን ቤት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተካፍለው ያዙ። ቡና እዚያው ያፈላሉ፣ አስታማሚዋን ያስተኛሉ። ወንዶቹ ገና እያጠናነው ነው።

የእማማ_ምራት

«እያጠናነው ነው» ሃሃሃ። አጥኑ፣ አጥኑ።

ባለ_ባጃጅ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። አባቴ ያረፈበት ዊልቸር ቤት ተቀምጧል። የአንዱ ጎማ ላስቲክ አልቋል፣ ፍሬኑ ይሠራል። ጎማውን እኔ አስቀይረዋለሁ። የአዘዞዋ ከፈለገች ባጃጄ ላይ ጭኜ አደርስላታለሁ። በነፃ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

የአዘዞዋ

እፈልጋለሁ እንጂ! ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ኮረኮንች ዳገት ነው፤ ባጃጅ እስከ በሩ አይገባም። ወንድሞቼን ጠርቼ እንኳ አላስወጣውም ነበር። አንተና ጋሼ መምህሩ ፈልጉ ያሉት ጎረምሳ ካላችሁ ግን ይወጣል። በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል ወይ?

ባለ_ባጃጅ

ቅዳሜ ገበያ ቀን ነው፣ አይመቸኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።